ሆድ ያለው ካብ

ጉልበቴ ከእኔ ቀድሞ ጡረታ ወጣ። እኔ ገና ሁለትና ሦስት ክረምት እሠራለሁ ብዬ አስቤ ነበር፤ እሱ ግን አንድ ጠዋት ከተቀመጥክበት አላነሣህም አለኝ። ባለቤቴ የሺ እጄን ይዛ እየሳበች፣ ይበቃሃል እንግዲህ፣ ድንጋዩ እንደሆነ አያልቅም አለች። እውነቷን ነው። ላስታ ውስጥ የሚያልቅ ነገር ብዙ ነው፤ ድንጋይ ግን አያልቅም።

ሥራዬ ድንጋይ መካብ ነበር። ካብ ስል ሲሚንቶም ጭቃም የሌለበትን፣ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ተቀምጦ በገዛ ክብደቱ የሚቆመውን አጥር ማለቴ ነው። ዛሬ ላሊበላ ውስጥ ወጣቱ ሁሉ ብሎኬት ይደረድራል። ብሎኬት መደርደር ሥራ አይደለም አልልም፤ ግን ሁሉም አንድ መልክ ያለውን ነገር ለመደርደር ምን ያህል ማሰብ እንደሚያስፈልግ አላውቅም። ይህን በተናገርኩ ቁጥር የመጨረሻው ልጄ ያኮርፈኛል። እሱም ብሎኬት ደርዳሪ ነው፤ ደግሞም ከእኔ የተሻለ ይኖራል።

ከሥራ ዘመኔ አብዛኛውን ያሳለፍኩት አንድ ቦታ ላይ ነው፤ ያውም ለሞቱ ሰዎች ስሠራ። ከገነተ ማርያም ማዶ ባለው ሸንተረር ላይ አንዲት ኪዳነ ምሕረት አለች። ከቅጽሯ ዝቅ ብሎ፣ በፀሐይ መውጫ በኩል፣ የግራዝማች ባየ ቤተሰብ መቃብር አለ። አገሬው «ባየ ግቢ» ይለዋል። የራሱ በር፣ የራሱ ጥዶች፣ የራሱ ካብ አለው። ክረምት በመጣ ቁጥር ካቡ የሆነ ቦታው ይናዳል፤ ከዚያ እኛን ይጠሩናል። እህል ሲኖር በእህል፣ ብር ሲኖር በብር ይከፍሉን ነበር። ሁለቱም በጠፋበት ዓመት ጠላና ምስጋና አይጠፋም ነበር።

ግቢው ውስጥ ካሉት የቆዩ ሰዎች አንዳቸውንም በሕይወት አላገኘኋቸውም፤ ግን እንደ ጎረቤት አውቃቸዋለሁ። ግራዝማች ባየ ከትልቁ ጠፍጣፋ ድንጋይ ሥር ናቸው። በቅሏቸውን ከመውደዳቸው የተነሣ፣ ሰው ልጆቹ ደኅና ናቸው ወይ ሲላቸው፣ ትናንት ትንሽ አነከሰች፣ ዛሬ ተሽሏታል ብለው ይመልሱ ነበር አሉ። በቀኛቸው የመጀመሪያ ሚስታቸው እሜቴ አትጠገብ፣ በግራቸው ሁለተኛዋ እሜቴ ላቀች አሉ። ሁለቱ በሕይወት ሳሉ አንደኛዋ ያለችበት ሠርግ ላይ ሌላዋ አትገኝም ነበር፤ አሁን ሰውየው መካከል ገብተው ያገላግላሉ። ከግርጌያቸው ደግሞ ወንድማቸው ይመር ናቸው። በአንድ የመስኖ ቦይ ተጣልተው እስከ ሞት ሳይነጋገሩ ቀሩ። ይመር ሲናዘዙ ፊቱን የማላይበት ቦታ ቅበሩኝ ብለው ነበርና፣ ሰው ሁሉ ወደ ምሥራቅ ዞሮ ስለሚቀበር ከወንድማቸው ፊት አስቀደሟቸው። እሳቸው ግራዝማችን አያዩም፤ ግራዝማች ግን እስከ ዕለተ ምጽአት የይመርን ጀርባ እያዩ ይኖራሉ።

ይህን ሁሉ የነገሩኝ አያ ንጉሤ ናቸው። ሙያዬን የሰጡኝም እሳቸው ናቸው።

አያ ንጉሤ የባየ ግቢ ካቢም መቃብር ቆፋሪም ነበሩ። አጭር፣ ደረታቸው ሰፊ፣ ንግግር የማያበዙ ሰው ነበሩ፤ ለሕያው ሰው ማለቴ ነው። ጠዋት ሲገቡ መዶሻቸውን አያነሡም። መጀመሪያ በሩ ላይ ይቆሙና ነጠላቸውን አስተካክለው ሙታኑን በየስማቸው ሰላም ይላሉ። «እንደምን አደሩ ግራዝማች። እንደምን አደሩ እሜቴ አትጠገብ። እንደምን አደሩ እሜቴ ላቀች።» ሁልጊዜ በዚህ ቅደም ተከተል ነው፤ ላቀችን ቢያስቀድሙ የሚነሣውን ጠብ የፈሩ ይመስሉ ነበር። መጀመሪያ ቀን ስሰማ ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። ሰው ቤት ስትገባ ዝም ብለህ ነው የምትገባው ብለው ገሠጹኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እኔም ሰላም ማለት ጀመርኩ፤ መጀመሪያ ለይሉኝታ፣ ኋላ ግን ሳልል ብውል ቅር ይለኝ ጀመር።

ሌላው ልማዳቸው ድንጋይ ላይ ነበር። ከማንሣታቸው በፊት እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ረጅም ጊዜ ያዩታል። የማያውቃቸው ሰው ሰነፍ ናቸው ይላል። አንዴ ካነሡት ግን መልሰው አይጥሉትም። እያዟዟሩ፣ እየገለበጡ፣ በመዳፋቸው እየዳሰሱ የሚገባበትን ይፈልጋሉ። እኔ በችኮላ አነሣና አልገጥም ሲለኝ እወረውረዋለሁ። አንድ ቀን የወረወርኩትን ሄደው አምጥተው እጄ ላይ መልሰው አስቀመጡት።

«አንሥተኸዋል እኮ» አሉኝ። «ቦታ ፈልግለት።»

ለማያውቀው ላስረዳ። ካብ ሁለት ፊት አለው፣ የውጭና የውስጥ። ትልልቁ ድንጋይ ከታች ይሆናል። ድንጋዩ ርዝመቱ ወደ ካቡ ውስጥ መግባት አለበት፤ ለዓይን ያምራል ብለህ በጎኑ ካስተኛኸው ክረምቱ ገፍቶ ይጥለዋል። አልፎ አልፎ ሁለቱን ፊት አቋርጦ የሚይዝ ረጅም ድንጋይ ይገባል፤ ማሰሪያ እንለዋለን። በሁለቱ ፊት መካከል ያለው ክፍት ደግሞ በሙሌት ይያዛል። ሙሌት የሚሆነው ለፊት የማይሆን፣ መልክ የሌለው፣ ድብልብል ያለ ድንጋይ ሁሉ ነው። ጀማሪ ሙሌቱን በአካፋ ይደፋዋል። አያ ንጉሤ ግን ማንም የማያየውን ያንን ሙሌት አንድ በአንድ በእጃቸው ያስቀምጡት ነበር፤ ካብ የሚፈርሰው ውስጡ ሲላላ ነው ብለው።

እሳቸው ጋ ከመምጣቴ በፊት ብዙ ቦታ ዞሬያለሁ። የተወለድኩት ብልባላ ነው። ላሊበላ ሆቴሎች ሲሠሩ ድንጋይ ተሸካሚ ሆኜ ገባሁ። ከዚያ የመንገድ ሥራ ላይ የድጋፍ ግንብ ተማርኩ። ፎርማናችን ሁሉን ነገር በጃንጥላው የሚለካ ሰው ነበር፤ አንድ ቀን ጃንጥላው ጠፍቶበት ሥራ ቆመ። ቀጥሎ ደግሞ የእርከን ሥራ መጣ፤ ተራራ ለተራራ ስንሄድ ከረምን።

በዚያ መካከል የሺን አገባሁ። የመጀመሪያ ልጃችን የተወለደው ብልባላ፣ እናቷ ቤት ነው። እኔ መንገድ ሥራው ላይ ነበርኩ። መልእክት ደርሶኝ ስደርስ ልጁ ክርስትና ሳይነሣ ሞቶ ተቀብሮ ነበር። በእኛ ዘንድ ወንድ በአርባ፣ ሴት በሰማንያ ቀን ይጠመቃሉ። ከዚያ በፊት የሞተ ሕፃን ፍትሐት የለውም፤ ቅጽር ውስጥም አይቀበርም። አማቴ ከቤተ ክርስቲያኑ ካብ ውጭ፣ ከምንጩ ወረድ ብለው ቀበሩት። ለእንዲህ ዓይነቱ ልጅ ድንኳን አይጣልም፣ ብዙም አይለቀስም። ከዚያ በኋላ አምስት ልጆች ወለድን። ስለዚያኛው ከየሺ ጋር አንድም ቀን አልተነጋገርንም።

የወደቅኩበትን ነገር ደግሞ እኔ ባልናገረው ሌላ ሰው ይናገረዋልና ራሴ ብናገረው ይሻላል። አያ ንጉሤ ደረታቸውን ታመው ቤት የዋሉበት ዓመት ነበር። ላሊበላ ውስጥ ሆቴል የነበራቸው የግራዝማች የልጅ ልጅ አቶ ዓለሙ ሲሚንቶ አስጭነው መጡ። በየዓመቱ ከሚናድ አንዴ በደንብ ይሠራና እንረፍ አሉ። እኔም የመንገድ ሥራ ትምህርቴን ለማሳየት እጄን ሲበላኝ ነበር። በሲባጎና በቱንቢ እየለካሁ የላይኛውን ጎን በሲሚንቶ ገነባሁት። የተላገ ሳንቃ መሰለ። ከገበያ የሚመለስ ሰው ሁሉ ቆሞ ያየው ነበር፤ እኔም እንዳላየሁ ሆኜ ሲያዩት አያለሁ።

ነሐሴ ላይ ከተራራው የወረደው ውኃ ከግንቡ ኋላ ተጠራቀመ። ካብ ቢሆን በየቀዳዳው ሾልኮ ያልፍ ነበር፤ እኔ ግን ቀዳዳውን ሁሉ ደፍኜዋለሁ። ሰው ለፍልሰታ ቅዳሴ ተሰብስቦ ሳለ ግንቡ ከነሙሉ ቁመቱ እሜቴ ላቀች ላይ ተጋደመ። የራስጌ ድንጋያቸው ለሁለት ተሰበረ። ያ ቦታ እስከ ዛሬ «የሞላ ናዳ» ይባላል። ሞላ እኔ ነኝ።

አያ ንጉሤ ጋቢ ተከናንበው፣ በትር ተመርኩዘው መጡ። ወደ እኔ ዞር አላሉም። ፍርስራሹን ተሻግረው እሜቴ ላቀች ራስጌ ጎንበስ አሉ።

«ይቅር ይበሉት እሜቴ» አሉ። «ልጅ ነው፤ ይማራል።»

እኔ ያኔ የሦስት ልጆች አባት ነበርኩ። ቢሰድቡኝ ይቀለኝ ነበር። ይህን ስጽፍ እንኳ ጆሮዬ ይግላል። ደግሞም እንዴት እንደወደድኳቸው የገባኝ ያን ዕለት ነው።

ከሕመማቸው ሲያገግሙ አብረን መልሰን በደረቁ ካብነው። በሚቀጥለው ዓመት የታችኛው ጎን ተናደና እሱንም ስንሠራ፣ አንድ ቦታ ላይ ሲደርሱ የወጠርኩትን ሲባጎ ትተው ካቡን ወደ ውጭ አጎበጡት። እንደ እርጉዝ ሴት ሆድ ወጣ ብሎ ተመልሶ ቀና አለ። ዞር ብዬ ሳይ ካቡ ሌላም ሁለት ቦታ ላይ እንዲህ ያለ ሆድ አለው፤ እስከዚያን ቀን ልብ ብዬ አላየሁትም ነበር። አያ፣ ተጣመመብዎት እኮ አልኳቸው። መሬቱ ነው እንዲህ ያለኝ ብለው ሥራቸውን ቀጠሉ። ዓይናቸው ደክሟል ብዬ ተውኳቸው። አገሬውም አያ ንጉሤ ቀጥ ያለ ካብ አይሆንላቸውም እያለ ይቀልድባቸው ነበር፤ እሳቸውም አብረው ይስቁ ነበር።

እሳቸው ከሞቱ በኋላ ግቢው የእኔ ኃላፊነት ሆነ። ካቡ ሆዶቹ ጋ ሲናድ እኔም እንደነበረው አጉብጬ እክበዋለሁ። ለምን እንደሆነ አላውቅም ነበር። የእሳቸው እጅ ስለሆነ ብቻ ማቃናት አልሆነልኝም።

ከሁለት ዓመት በፊት፣ መስቀል ካለፈ በኋላ፣ እሜቴ ደብሪቱ አስጠሩኝ። የአቶ ዓለሙ እኅት ናቸው፤ ከግራዝማች የልጅ ልጆች እዚያው መንደር የቀሩት እሳቸው ብቻ ነበሩ። ባላቸው ቀደም ብለው ሞተዋል። ምላሳቸው ስለት ነው እየተባለ የሚፈሩ፣ ቤታቸው የገባውን ሁሉ ግን አብልተው ካልሆነ የማይለቁ ሴት ነበሩ። ስደርስ ደጃቸው ላይ ፀሐይ እየሞቁ ነበር። ከስተዋል። እንዴት ነዎት ስላቸው፣ እንደምታየኝ ልሄድ ነው፣ ስለ ቦታዬ ልንገርህ ብዬ ነው የጠራሁህ አሉ። ቦታዎትማ ከአባትዎ ጎን ተይዟል አልኳቸው።

«እዚያ አልገባም» አሉኝ። «ከወይራው ሥር ቅበረኝ። ልጄ እዚያ ናት።»

ወይራው ከካቡ ውጭ ነው፤ ወደ ምንጭ የሚወርደውን መንገድ ተሻግሮ ብቻውን የቆመ ዛፍ ነው። እሜቴ ደብሪቱ ልጅ እንደነበራቸው እንኳ ሰምቼ አላውቅም። በዚያ በከፋው የድርቅ ዘመን ነው የወለዷት። ክርስትናዋ ጥቂት ሲቀረው ሞተች። በካቡ ሥር ያለው መሬት ድፍን አለት ስለሆነ፣ ጉልበትም ስላልነበራቸው፣ ባላቸው አፈር ያለበትን ፈልገው ወይራው ሥር ቀበሯት። ሌላ ልጅ አልመጣም። እኔም፣ የሌሎች እናቶች ልጆችም እንዲሁ ከካቡ ውጭ ናቸው እኮ አልኳቸው፤ ማጽናናቴ ነበር።

«የእነሱማ ገብተዋል» አሉ።

«የት ገቡ?»

«ሆዶቹ ውስጥ ነዋ። ንጉሤ ካብ ማቃናት አቅቶት ይመስልሃል?»

በሩ ላይ ያለው ሆድ የማን እናት ልጅ እንደሆነ፣ ከጥዱ አጠገብ ያለው የማን እንደሆነ፣ የታችኛው ጎን ደግሞ የማን እንደሆነ ነገሩኝ። እነዚያን ሕፃናት በጨርቅ ተጠቅልለው ተቀብለው በውጭ በኩል ካቡ ሥር የቀበሯቸው ራሳቸው አያ ንጉሤ ነበሩ፤ ስለዚህ ቦታቸውን ያውቃሉ። ካቡ እዚያ ጋ እስኪናድ ይጠብቃሉ። ሲናድ ከሕፃኑ ወዲያ አልፈው ይክቡታል። እናቶቹን አያስፈቅዷቸውም፣ አይነግሯቸውምም። እናትየዋ አንድ እሑድ ለቅዳሴ ስትመጣ ታየዋለች፣ ያኔ ይገባታል። ለእሜቴ ደብሪቱ ግን፣ የአንቺ ሩቅ ነው፣ ካቡ አንድ ቀን ይደርሳል ብለዋቸው ነበር። ሳይደርስ ሞቱ።

እኔ ያን ሁሉ ዓመት ሆዶቹን ስጠግን ሰው አቅፌ መሆኑን አላውቅም ነበር። እንባዬ መጣ። እሜቴም፣ አንተ ደግሞ አታልቅስብኝ፣ ገና አልሞትኩም አሉ።

ነገሩ እንዲህ በቀላሉ አልሆነም። የአቶ ዓለሙ ልጅ ጌታሁን፣ አባቱ ከሞቱ ወዲህ ሆቴሉንም ዘመዱንም የያዘው፣ ሲሰማ አይሆንም አለ። ክፉ ሰው አይደለም፤ አክስቱን እንደ እናቱ ነው የሚያየው። ግን በእኛ አገር ከካብ ውጭ፣ ከብት በሚያልፍበት መንገድ ዳር የሚቀበረው ማን እንደሆነ ሁሉ ሰው ያውቃል። ተወግዛ ሞተች ይሏታል፣ እኛንም አክስታቸውን ጣሉ ይሉናል እያለ ደጃቸው ላይ ወዲያና ወዲህ ይል ነበር። እሳቸው እስኪጨርስ አዳመጡት።

«እሺ እኔስ ይሁን» አሉት መጨረሻ ላይ። «ልጄ ምን አጥፍታ ነው?»

ጌታሁን እንሂድ አለኝ። ተያይዘን የደብሩ አለቃ መምሬ ካሳ ጋ ሄድን። መምሬ ካሳ ሁሉንም ሰምተው መስቀላቸውን በእጃቸው አገላበጡ።

«ለሕፃኗ ፍትሐት ፍታ ብትሉኝ ሥርዓት አይፈቅድልኝም» አሉ። «ካቡ በየት በኩል ይለፍ የሚል ግን በየትኛውም መጽሐፍ ላይ አላነበብኩም። እሱን ሞላን ጠይቁት።»

ጌታሁን ዞሮ አየኝ። ወይራው ድረስ ይደርሳል ወይ አለኝ። ጉልበቴን አሰብኩ፤ መንገዱን፣ ቁልቁለቱን፣ የሚፈልገውን ድንጋይ አሰብኩ። ይደርሳል አልኩ።

ውኃ ቀጂዎቹ ሴቶች መንገዱ በወይራው ማዶ ይዙር ሲባሉ አንዳቸውም አልተከራከሩም፤ እኔ ጠብ ጠብቄ ነበር። ከኅዳር ጀምሮ መሠረት መቆፈር ጀመርን። ጌታሁን በፒክአፑ ድንጋይ ያመላልሳል። ብሎኬት ደርዳሪው ልጄም ሥራ በሌለው ቀን እየመጣ ያግዘኝ ነበር፤ ይሄ ድንጋይ ለምን ልኩ እንደሌላው አይሆንም እያለ ያማርራል። እሜቴ ደብሪቱ ደኅና በሆኑ ቀን በወንበር ተሸክመው ያመጧቸዋል። ወይራው ሥር ተቀምጠው፣ ያኛው ጠማማ ነው፣ ይኼኛው ሰፋ ይበል እያሉ ያዙኛል። አንድ ቀን ቢመረኝ፣ እሜቴ፣ እርስዎ ባሉበት እኮ አያ ንጉሤም አይክቡም ነበር አልኳቸው። እሱማ ድሮ ጨርሶት ነበር አሉኝ። ወደ ድንጋዬ ተመለስኩ። ቀኑ እየገፋ በሄደ ቁጥር ወንበሩን የሚሸከሙት ሰዎች ቀለሉን ማለት ጀመሩ።

ግንቦት ላይ አረፉ። ካቡ ገና ከጉልበት በላይ አልወጣም፤ በአንድ በኩል ጭራሽ መሠረቱ ብቻ ነበር። መቃብራቸውን እኔው ቆፈርኩ፤ በልጅቷ በኩል ያለውን ጎን በዶማ ሳይሆን በእጄ ነው ያወጣሁት። አስከሬኑ ሲመጣ ጌታሁን ጠጋ ብሎ ካቡ ሳያልቅ እንዴት እንሆናለን ሲል ጠየቀኝ። መምሬ ካሳ ሰምተውታል። መሠረቱን በዓይናቸው ተከትለው ዙሪያውን አዩ።

«መሠረቱ ዞሯል» አሉ። «ውስጥ ናቸው።»

ፍትሐቱ የእሜቴ ደብሪቱ ነበር። ስማቸው ብቻ ነው የተጠራው። ነገር ግን መምሬ ካሳ ጥናውን ይዘው ሲያጥኑ ከመቃብሩ ጠርዝ አልፈው እስከ ወይራው ግንድ ደረሱ፤ እዚያም ትንሽ ቆይተው ተመለሱ።

ከዚያ ቀሪው ክረምት ሳይገባ ካቡን መዝጋት ነበር። ልክ በዚያን ጊዜ ነዳጅ ጠፋ፤ የጌታሁን ፒክአፕ ላሊበላ ቆመ። የተረፈኝ ድንጋይ ለግማሹም አይበቃም። ክፍት ከቀረ የመጀመሪያው ጎርፍ መሠረቱን ይዞት ይሄዳል፤ እሜቴም ልጃቸውም እንደገና ውጭ ይሆናሉ።

እንግዲህ አንድ ጠዋት ስመጣ የድንጋዩ ክምር ማታ ከተውኩት ከፍ ያለ መሰለኝ። በማግስቱም እንደዚያው። ከመካከሉ የእኛ መንደር ያልሆነ ድንጋይ አለ፤ ከወንዝ የወጣ ጥቁር፣ የላሊበላውን የመሰለ ቀይ አፈርማ ድንጋይ፣ ገና የእርሻ ጭቃ ያልለቀቀው። ጌታሁን ሰው ልኮ ይሆናል ብዬ ስጠይቀው እሱ እኔን ይጠረጥር ኖሯል። በሌላ ቀን ማልጄ መጣሁና ጥዱ ሥር ተቀመጥኩ። አንዲት ሴት ጀሪካን አዝላ ከምንጭ በኩል መጣች። ነጠላዋ ውስጥ የያዘችውን ድንጋይ አውጥታ ክምሩ ላይ ሳትጥለው፣ ጎንበስ ብላ አስቀመጠችውና መንገዷን ቀጠለች። ቀጥላ ሌላዋ መጣች፤ በዕድሜ እኔን የምታክል። ቀጥላ ደግሞ ገና ልጅ እግር የሆነች። ማናቸውንም አልጠየቅኩም። መንገዱ ይዙር ሲባል ለምን ዝም እንዳሉ ግን ያን ጊዜ ገባኝ።

ካቡ እየዘጋ መጣ። የሺ በዚያ ሳምንት እኅቴን ልጠይቅ ብላ ብልባላ ሄዳ ነበር። የመጨረሻዋን ክፍት እኔና ልጄ እየዘጋን ሳለ ዳገቱን ስትወጣ አየኋት። አንድ ነገር አዝላለች። መጀመሪያ የማን ሕፃን ነው ያዘለችው አልኩ። ደርሳ ፈታችው። ዳቦ የሚያክል፣ ልስልስ ያለ ድብልብል ድንጋይ ነው።

«ከየት አመጣሽው?» አልኳት።

«ከብልባላ። ከምንጩ በታች።»

እጄ ላይ አስቀመጠችው። ልጄ ነገሩን አያውቅም። አባ፣ ይኼ አይቀመጥም፣ ክብ ነው፣ ካልተፈለጠ አይሆንም ብሎ መዶሻውን አነሣ። እኔ አይፈለጥም አልኩት። ድንጋዩን አዟዟርኩት፤ ገለበጥኩት፤ በመዳፌ ዳሰስኩት። ፊት ላይ ብሞክረው ይንሸራተታል። የሺ ቆማ ታየኛለች። በትዳራችን ዘመን ሁሉ ስሠራ እንዲህ ቆማ አይታኝ አታውቅም። መጨረሻ ላይ በሁለቱ ፊት መካከል፣ ወይራው ባለበት በኩል፣ ልክ እሱን የሚያክል ክፍት አገኘሁ።

«እዚህ ከሆነ አይታይም» አልኳት።

«ውስጥ ነው?»

«ውስጥ ነው።»

«እንግዲያ እዚያ ይሁን» አለች። ቆየት ብላ ደግሞ፣ «ደሳለኝ ብዬው ነበር» አለች።

ስም እንደነበረው አላውቅም ነበር። ይህን ሁሉ ዘመን አንድ አልጋ ላይ ተኝተን እሷ ታውቀዋለች፣ እኔ አላውቀውም። ድንጋዩን አስቀመጥኩት። ትንንሽ ጠጠር በዙሪያው በእጄ አስገባሁ፤ እንዳይነቃነቅ። ማሰሪያውን ድንጋይ ከላይ ስንጭን የሺ በአንድ ጫፍ ያዘች፣ እኔ በሌላው። ልጄ መዶሻውን እንደያዘ ሁለታችንን ያይ ነበር፤ ማታ እቤት እናቱ ራሷ ነገረችው።

ክረምቱ ገባና ወጣ፤ ካቡ አልተነቃነቀም። ከዚያ በኋላ ነው ጉልበቴ በቃኝ ያለው። አሁን የባየ ግቢን ካብ የሚጠግን ሰው ብፈልግ የሚመጣው ያው ብሎኬት ደርዳሪው ልጄ ነው፤ ድንጋይ መወርወር ግን ትቷል።

እኔ ጉልበቴ የፈቀደልኝ ጠዋት በትሬን ይዤ እወጣለሁ። በሩ ላይ እቆማለሁ፤ ነጠላዬን አስተካክላለሁ። እንደምን አደሩ ግራዝማች እላለሁ። እሜቴ አትጠገብን፣ ቀጥሎ እሜቴ ላቀችን፤ ለላቀች ትንሽ ጎንበስ እላለሁ፣ ዕዳዬ ነው። ይመርን ከነኩርፊያቸው ሰላም እላቸዋለሁ። ወደ ወይራው ወርጄ እንደምን አደሩ እሜቴ ደብሪቱ እላለሁ፤ ትንሿን ልጅም፣ ትርንጎ ነበር ሊሏት ያሰቡት፣ እንደምን አደርሽ ትርንጎ እላታለሁ። ከዚያ እጄን ካቡ ላይ አሳርፋለሁ።

«እንደምን አደርክ፣ ደሳለኝ።»